ሥራ ሳይፈቱ ሰው መፍታት

የሕፃናት መማሪያ መጻሕፍት በሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ የክፍል ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ በሌለበት «አቶ ወንበር» ይሉታል። ስሙ እንዲያው የወጣለት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ የየወንበሩን መደገፊያ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ሰው ያለበትን ሲያይ ፊቱ ይፈካል፤ ባዶውን ሲያይ ይጠቁራል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። የታመመ ይጠይቃል፣ ያዘነ ያጽናናል፤ ቀልድ ሲሰማ ነገሩ ዘግይቶ ቢገባውም ከገባው በኋላ ሳቁን የሚያቆመው የለም።

ወረርሽኝ ገብቶ ሁሉም ከቤቱ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ ይህ ሰው ተቸገረ። በሽታው አልፎ ቢሮው ሲከፈትም ግማሹ ሠራተኛ ቤቱን ለምዶ ስለነበር ብቅ የሚለው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ሆነ። በመጨረሻ ኃላፊው ሁሉንም ሰበሰበና ቁርጡን ነገራቸው።

«ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሁላችሁም፣ በየቀኑ፣ እዚሁ። ሰው በሌለበት ሥራ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

ሠዓሊው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ቤቱ በልጆችና በዘመድ የተሞላ ስለሆነ የሚሥለው የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ነበር። «እኔ በበኩሌ ተመስገን ነው» አለ። «ባለፈው አማቴ ዝሆኔ ላይ ሸሚዝ ሊተኩሱ ምንም አልቀራቸውም።»

ሁሉም ሲስቅ አርታኢዋ ብቻ አልሳቀችም። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው ሰንፏል፤ ምላሳቸውም እንደ ልብ አይታዘዝላቸውም።

«ጋሼ፣ እኔ መምጣት አልችልም» አለች። «አባቴን ብቻውን ትቼው አልወጣም። ደግሞስ ሥራዬ ጎድሎ ያውቃል?»

«ጎድሏል አላልኩም። ግን መሥራትሽን በምን ልወቅ?»

«በሥራዬ ነዋ።»

«ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል እኮ፣ እህቴ።»

«እንግዲያውስ መልቀቂያዬን አስገባለሁ» አለች በቀስታ።

የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሊገባ ተቃርቧል። እሷ ከሄደች መጽሐፉ እንደማያምር ሁሉም ያውቃል፤ ኃላፊውም ያውቃል። ሆኖም ቃሉን ማጠፍ አልሆነለትም።

ነገሩ ሲከነክነው ሰነበተና አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመጽሐፉን ገጾች በብብቱ ይዞ ወደ ቤቷ ሄደ። ላይ ላዩን ሲታይ ገጾቹን ሊያደርስ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በሌሊት ልብሷ ሶፋ ላይ ተጋድማ ሊያገኛት ነበር።

በሩን የከፈቱለት አባቷ ናቸው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። «ይግቡ» አሉት ቃል በቃል እያሳረፉ። «ድምፅዎን ግን ቀነስ ያድርጉ። ሥራ ላይ ናት።»

መስኮቱ ሥር ሰፊ ጠረጴዛ አለ። አርታኢዋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ከአንድ ደራሲ ጋር ትሟገታለች። «‹ሮጠ› ካሉ በኋላ ‹በፍጥነት› ምን ይሠራል? ቀስ ብሎ የሚሮጥ አለ እንዴ?» ኃላፊው እንደ ሽማግሌ እንግዳ የሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ስልኩን ስትዘጋም ዞር አላለችም። «አባዬ፣ ና እስቲ፣ ያቺን ገጽ እንሞክራት።»

ሐኪም ምላሳቸው እንዲፍታታ በየቀኑ ድምፅ እያሰሙ እንዲያነቡ አዟቸዋል። እሷም ሌላ ጽሑፍ ከመፈለግ የምታርመውን መጽሐፍ ትሰጣቸዋለች። እሳቸው የተደናቀፉበትን ቦታ ታሰምርበታለች፤ ንባብን እንደገና የሚለማመድ አፍ ከተሰናከለ፣ ገና የሚጀምረው የሕፃን አፍም መሰናከሉ አይቀርማ።

አባት መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ። «በመንደራችን ዳርቻ የሚገኘው፣ በልዩ ልዩ አዕዋፍ ዝማሬ ዘወትር የሚደምቀው፣ ዕድሜ ጠገብ በሆኑ ዛፎች የተሞላው፣ ጥቅጥቅ ያለው...» ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄስ ፉርጎው በዛ። ሞተሩ የት ነው ያለው?»

«መጨረሻ ላይ ነው አባዬ፤ ‹ደናችን ያምራል› ይላል።»

«እሱ እስኪመጣ ተሳፋሪው ወርዶ ያልቃል። ማነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?»

ከሶፋው በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። «እኔ ነኝ» አለ ኃላፊው።

አርታኢዋ ደንግጣ ዘወር አለች። አባቷ ግን በደህናው የአፋቸው ጎን መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ወደ ልጃቸው ተጋባ፤ ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ለኃላፊው ገባውና እሱም ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። «እስቲ ስጡኝ፣ እኔ ላንብበው» ብሎ ቢሞክር ወፎቹ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ አለቀ። አርታኢዋ እርሳሷን አነሳችና «መንደራችን ደን አለው። ደኑ ውስጥ ወፎች ይዘምራሉ» ብላ ጻፈች። አባቷ ያለ እንቅፋት አነበቡት። ደስ ስላላቸው ደገሙት።

ለደቂቃ ብሎ የገባው ኃላፊ እስከ ምሳ ቆየ። እያነበበ፣ እየተከራከረ፣ አንዳንዴም እየተረታ። በመካከል አንድ ሥዕል አነሳ። ጽሑፉ «ጥቁሯ ፍየል» ይላል፤ ሠዓሊው የሣላት ግን ነጭ ናት።

«ይቺስ ምን ሆና ነው?»

«ለሠዓሊው መልእክት ልኬለታለሁ። እሱ ጽሑፉ ይስተካከል ይላል፣ እኔ ሥዕሉ እላለሁ። እየተጻጻፍን ሳምንት አለፈን።»

«ጎን ለጎን ብትቀመጡኮ ትንፋሽ የማትፈጅ ነገር ነበረች።»

አርታኢዋ ሳህን ለማቅረብ ወደ ማድቤት ሄደች። ይህን ጊዜ አባቷ ወደ ኃላፊው ጠጋ አሉ።

«ልጄ ሥራ ፈትታ እንደሁ ሊያዩ ነው የመጡት፤ አይደል?»

ኃላፊው አቀረቀረ። «አዎ፣ አባባ። አፍሬያለሁ።»

«አይፈሩ። ሥራ አልፈታችም። ሰው ግን ፈትታለች።» በከዘራቸው ወደ ማድቤቱ ጠቆሙ። «ዛሬ ስትስቅ የሰማኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ድሮ ከሥራ ስትመጣ ገና በር ላይ ወሬዋን ትጀምር ነበር። አሁን የምታወራኝ ነገር የላትም፤ የዋልንበት አንድ ነዋ። ሂጂ ስላት እኔን ሰበብ ታደርጋለች። አንዳንድ ቀን ይውሰዱልኝ።»

«ይሄን ሁሉ ሰምቻለሁ» አለች ልጃቸው ሳህኖቹን እንደያዘች ከበሩ። «እኔ ስወጣ ማን አብሮህ ይውላል?»

«ባቡሩ ላይ ትኬት ቆራጭ የነበረው ወዳጄ ግድግዳ ነው የሚለየን። ዳማ የሚገጥመው አጥቶ በር በሩን ሲያይ ይውላል። አንቺ ስላለሽ እኮ ነው አፍሮ የማይመጣው።»

አርታኢዋ ሳህኖቹን አስቀምጣ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከንፈሯ ግን ይስቅ ነበር። «እኔ እኮ አንተን የምጠብቅ መስሎኝ ወዳጅህን ከልክዬሃለሁ» አለች።

በማግስቱ ኃላፊው ሠራተኞቹን እንደገና ሰበሰበ። «ትእዛዜን አንስቻለሁ» አለ። «ስጠብቅ የኖርኩት ወንበር ነው፤ ሥራውን ራሱን የት መሠራት እንደሚፈልግ ጠይቄው አላውቅም። በሳምንት ሥዕልና ጽሑፍ የምናጋጥምባቸውን ሁለት ቀናት አብረን እንዋል። የቀረውን እያንዳንዱ በሚመቸው ቦታ ይሥራ። ቤቱ የጠበበውም በየቀኑ ይምጣ፤ እዚህ ሸሚዝ የሚተኩስበት የለም።»

አብረው በዋሉበት የመጀመሪያ ቀን የፍየሏ ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሠዓሊው «ጥቁር ካደረግኳት ማታ አትታይም» አለ፤ አርታኢዋ «ነጭ ካደረግካት ልጆቹ በግ ይሏታል» አለች፤ በመጨረሻ ቡራቡሬ ሆነች። መልቀቂያውንም ያነሳው ሰው የለም።

እናንተ አለቆች ሆይ፣ ሰው ዓይናችሁ ሥር ስለተቀመጠ ብቻ ሠራ አትበሉ፤ ከዓይናችሁ ስለራቀም ሰነፈ አትበሉ። ፍሬውን እዩ። ከቤት የምትሠሩም ሥራችን አልጎደለም ብላችሁ ብቻ አትርኩ። ሰው ከሰው ጋር ሲውል የሚያገኘው፣ በመልእክት የማይላክ ነገር አለ። የቱ ይሻላል ብሎ ከመፋረድ በፊት አንዱ የሌላውን ደጃፍ አንኳኩቶ ቢጠይቅ የስንቱ ክርክር በሳቅ ባለቀ።

አርታኢዋ በዚያ የመጀመሪያ ቀን ወደ ማምሻው ቤቷ ስትደርስ ሁለቱ ጡረተኞች በዳማው ላይ አቀርቅረዋል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች፤ ሠዓሊው ያለውን፣ ኃላፊው ዘግይቶ የሳቀውን፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ተናግሮ የተፈጠረውን ግርግር። እጇንም ቃሏንም አንድ ላይ ታወናጭፋለች። አባቷ ጠጠራቸውን በእጃቸው እንደያዙ መጫወቱን ረስተው ያዳምጧታል።

«ነገም ትሄጃለሽ?» አሏት ስትጨርስ።

«ነገ ከቤት ነኝ፣ አባዬ።»

«ደግ። ከወሬሽ ፋታ እናገኛለን» አሉና ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። «ለመሆኑ ተራው የማን ነበር?»