ለመጫወቻ ከሆነ በነፃ

የስኳር ሰልፍ ነበር። ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አብነት፣ የቀበሌው የኅብረት ሱቅ በር ላይ። ያኔ ሰው ሰልፍ የሚይዘው በራሱ ብቻ አልነበረም። ድንጋይ ወይ ዘንቢል ያስቀምጥና ጉዳዩን ጨርሶ ይመጣል። ድንጋዩ ይከበርለታል። እኔ መቆም አልወድም። ከፊቴ የነበረው ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው። ተቀመጥኩበት።

ከጀርባዬ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ ሥራዬ ላይ ነው የተቀመጥሽው።»

ዞር አልኩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጣቶቹን ቀለም የነካካቸው ልጅ ነው። አልተነሳሁም።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። የመንገድ ንድፍ እነድፋለሁ።»

«እና እዚህ ውስጥ ያለው መንገድ ነው?»

ሳቁ መጣና ያዘው። ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ።

«አይ። አኮርዲዮን ነው። እንዲሁ ለመጫወቻ ነው።»

መጀመሪያ ሥራዬ አለ፣ ቀጥሎ መጫወቻ አለ። እኔ የሰማሁትን አልረሳም።

ስሙ ኦልጅራ ነበር። ልደታ ማርያም ጀርባ አጎቱ ቤት ይኖራል። አኮርዲዮን ያስለመዱት ወለጋ ተማሪ ሳለ አንድ አስተማሪው ናቸው፤ ሲሞቱ ለሱ አውርሰውት ነው የሄዱት። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ስኳሩ እስኪደርሰን ነው። ስኳሩ ሳይደርሰን አለቀ። እኔም እሱም አልተናደድንም።

አባባ አናጺ ነበሩ። አቶ ገብረየሱስ ቢባል አብነት የማያውቃቸው የለም፤ ግማሹ ሰፈር የሚተኛው እሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ ነው። እናቴ ቀድማ ስለሞተች ያደግኩት እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ሰጋቱራ መሀል ነው። ቫርኒሽ የምቀባው እኔ ነበርኩ። ሰው ሲጠይቃቸው «ሸዋዓለም ታግዘኛለች» ይላሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ነበር የማግዘው።

ለአባባ ሥራ ማለት ሰው የሚተኛበት ወይ የሚቀመጥበት ነገር ነው። ሌላው ጨዋታ ነው። ኳስ ጨዋታ ነው። የቀበሌ ኪነት ጨዋታ ነው። የእሑድ ስብሰባም ጨዋታ ነው፤ ይቺን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሏት።

ኦልጅራ በሳምንቱ መጥቶ በርጩማ አዘዘ። ወሰደና ሌላ አዘዘ። እንደገና ሲመጣ አባባ እቤት ስንት ሰው እንዳለ ጠየቁት። ከአጎቴ ጋር ሁለት ነን አላቸው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ አጎቱ ግቢ ይጫወት ነበር። ድምፁ ቆርቆሮውን ተሻግሮ እኛ ድረስ ይመጣል። አባባ መጋዙን አቁመው «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ይላሉ። እንጃ እላለሁ። ትንሽ ያዳምጡና ወደ መጋዛቸው ይመለሳሉ። መጋዙ ግን በዜማው ልክ ነበር የሚሄደው። እሳቸው አላወቁትም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ።

እሑድ ከስብሰባ ስንወጣ እስከ ሜክሲኮ በእግር እንሄዳለን። እኔ እፈጥናለሁ፣ እሱ ይጎተታል። ብዙ አናወራም። ከኋላዬ ሲስቅ እሰማለሁ።

«ምን ያስቅሃል?»

«የሆነ ሰው የሚጠብቅሽ ነው የምትመስይው።»

«አንተ እስክትደርስ እኮ ነው የምጠብቀው።»

ደረሰና ጎኔ ቆመ። እጄን አልያዘም፤ መንገድ ላይ እጅ አይያዝም ነበር። እጅጌው ግን እጅጌዬን ነክቶ ቆየ። አስፋልቱን እያየን ሁለታችንም ምንም እንዳልተነካን ሆንን።

በአንዱ እሑድ ነው የነገረኝ። የአንድ ሆቴል ባንድ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ይፈልጋል፤ ሰምተውት ወደውታል። መሥሪያ ቤቱን ሊለቅ ነው። ሰው እብድ እንደሚለው ያውቃል። ቋሚ የመንግሥት ሥራ ትቶ ማን ሙዚቃ ይገባል?

«ንድፉን ስሠራ ሰዓት አያለሁ ሸዋዬ። ይሄን ስይዝ ሰዓት ትዝ ብሎኝ አያውቅም።»

መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ አልኩት። ሽማግሌ ተለመነ፣ ቀኑም ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ግን ሠርግ ነበር።

የእትዬ ወለተሰንበት ልጅ ናት ያገባችው። ዳሱ መንገዱን ዘግቶ ተጥሏል። የሙሽራይቱ ወንድም የኦልጅራ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ስለነበር እንዲጫወትላቸው ለመነው፤ እሱም እሺ ብሎ መጣ። በነፃ። አባባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጠጅ እምብዛም አይጠጡም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥሩ ጠጅ ነበር።

ኦልጅራ ያን ዜማ ጀመረ። ማታ ማታ በቆርቆሮው ላይ የሚመጣውን። አባባ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። ተነሱ። አባባ በሠርግ ተነስተው አላየሁም። ትከሻቸውን ትንሽ ነቅነቅ ነቅነቅ እያደረጉ ሄዱና ቀይ አሥር ብር ከኪሳቸው አውጥተው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።

ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ለሌላው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ብር ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ግን አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ይሸለማል እንጂ ልጅ አይሰጠውም። ያኔ ሕጉ ይሄ ነው። ኦልጅራ ማን እንደለጠፈለት ያውቃል። ሊያነሳው አይችልም፣ ሁለቱም እጆቹ አኮርዲዮኑ ላይ ናቸው። ብሩ በላቡ ተጣብቆ እንደቀረ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እሱን አላየሁም፤ ብሩን ነበር የማየው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ። ጋሽ በከር ባለሱቁ፣ አቶ ዘነበ፣ የኦልጅራ አጎት አቶ ሚደቅሳ። እንደ ወጉ ቆሙ። አባባ ተቀመጡ ቢሏቸው ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። አባባ ይሄን ወግ አይወዱትም፤ ወንበራቸውን የተናቀባቸው ይመስላቸዋል።

ከጓዳ ነው የምሰማው። ጋሽ በከር በደንብ ተናገሩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አባባ እየለሰለሱ ነበር። አቶ ሚደቅሳ ግን የወንድማቸው ልጅ በደንብ የተወደሰ አልመሰላቸውም።

«ያውቁታልኮ አቶ ገብረየሱስ» አሉ ኮራ ብለው። «ያ በሠርጉ ላይ አኮርዲዮን የተጫወተው ነው። እርስዎ ራስዎ የሸለሙት።»

ወንበር እንኳን አልተንቋቋም፤ የተቀመጠ የለማ።

«ግንባሩ ላይ ብር የለጠፍኩለትን ሰው ልጄን ልስጠው?» አሉ አባባ።

ጋሽ በከር ገቡበት። ለመጫወቻ ነው እንጂ እንጀራው አይደለም አሉ። አባባ ለመጫወቻ ከሆነ ችግር የለም አሉ፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ዋሽንት እነፋ ነበር። እንጀራዬ ነው ካለ ግን በሬን እንዳይረግጥ። ልጁ ራሱ ይንገረኝ።

ኦልጅራን በማግስቱ ልደታ ማርያም አጥር ሥር አገኘሁት። ሁሉንም ሰምቷል። ጥቁር ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተነስቶ እኔን አስቀመጠኝ።

«እተወዋለሁ» አለ። «ለመጫወቻ ነው እላቸዋለሁ። ሆቴሉን ይቅር እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አገባሻለሁ።»

«ከዚያስ?»

ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም ይፍቅ ጀመር።

«ለኔ ብለህ ብትተወው ዕድሜህን ሙሉ ከፋይዋ እኔ ነኝ» አልኩት። «እኔ ደግሞ ያልበላሁትን አልከፍልም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እንጃ። ብቻ ውሸት ይዘህ እንዳትመጣ።»

ተነስቼ ሄድኩ። ቸኩዬ ነበር። ጥግ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ፤ እየተራመድኩ አለቀስኩ።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። የአጎቱ ጣሪያ አፈሰሰና ውሃው አኮርዲዮኑ ላይ አደረ። እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ የወናፉ ጥግ ተላቀቀ። ሆቴሉ ቅዳሜ ይጠብቀዋል። መለዋወጫ የሚባል ነገር አገር ውስጥ የለም። እንዲያ ያለ ስስ እንጨት የሚገጥም አንድ ሰው ነው ያለው።

በቀን ብርሃን፣ በፊት ለፊት በር፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ገባ። በሬን እንዳይረግጥ የተባለው እሱ። ጤና ይስጥልኝ ጋሼ አለ። አባባ ቀና ብለው አዩት፣ ሳጥኑን አዩት፣ ክፈተው አሉ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ሐሙስ ና አሉት።

ከዚያ ወዲያ አባባ አልጋም ወንበርም ተዉ። ስስ ጥድ ፈልገው ላጉ፣ ጣሉ፣ እንደገና ላጉ። የወናፉን ጥግ በለፋ የበግ ቆዳና በኮላ አያያዙ። ምሳ ሳቀርብ ይቀዘቅዛል። አንዴ እኔ የሌለሁ መስሏቸው ወናፉን ዘርጋ አድርገው አንዷን ቁልፍ ነኩ። ድምፅ ሲወጣ ደንግጠው ለቀቁት።

ሐሙስ ኦልጅራ መጣ። እኔ ጥግ ላይ የወንበር እግር ቫርኒሽ እቀባለሁ። አባባ አኮርዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ አወጡና እጃቸውን ጫኑበት።

«ለመጫወቻ ከሆነ በነፃ ነው» አሉ። «የጎረቤት ልጅ ነህ፣ አንሳና ሂድ። ለሥራ ከሆነ ዋጋ አለው።»

ሦስታችንም የተጠየቀው ምን እንደሆነ ገብቶናል። ኦልጅራ ወደኔ ዞረ። ቀና አላልኩም። ቀና ብል ዓይኔ የሆነ ነገር ይለዋል፤ እኔ ደግሞ ከራሱ እንዲወጣ ነበር የምፈልገው። ከብሩሹ ቫርኒሹ ጫማዬ ላይ ጠብ ይላል። አልጠረግኩትም።

«ለሥራ ነው ጋሼ» አለ።

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ቀይ አሥር ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መሀሉ ላይ ላብ የደረቀበት ክብ ምልክት አለው። አባባ አነሱት። ገለበጡት።

«ይሄ የኔ ብር አይደለም?»

«የእርስዎ ነበር። ሠርቼ ነው ያገኘሁት።»

አባባ የላቡን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከዚያ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳቡና ከሌላው የሥራ ገንዘብ ጋር ከተቱት።

«ዋጋው አሥራ ሁለት ነው» አሉ።

ኦልጅራ ኪሱን ሁሉ ፈትሾ ሁለት ብር ጨመረ። አባባ እሱንም ከተቱ። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ዘረጉለት፤ ሥራ ለሥራ የተዋዋለ ሰው እንደሚጨባበጠው።

«ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። እሑድ ይምጡ። ግን ይቀመጡ። ወንበሬ ፊት ቆሞ የሚለምን ሰው አልወድም።»

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። ኦልጅራ እያየኝ ነበር። እኔ ብሩሹን ቫርኒሽ ውስጥ ሳይሆን የአባባ የውሃ ጣሳ ውስጥ ነከርኩት።

ኦልጅራ ሆቴሉ ገባ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ባንዱ እዚያው ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ሳጥኑን ተሸክሞ ይመጣል። መጠበቅ የማልወደው እኔ በየማለዳው በር ላይ ነበርኩ።

ለሠርጋችን አባባ አልጋ ሠሩልን። አልቸኮሉም፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋ ሆነ። የራስጌው ጠርዝ ላይ ረዥምና አጭር ጥርሶች ቀርጸውበታል፣ ልክ እንደ አኮርዲዮኑ ቁልፎች። ኦልጅራ ዋጋውን ጠየቃቸው። ደፍሮ ነው።

«ይሄ ሥራ አይደለም» አሉት።

አባባ የሉም። እንጨት ሥራ ቤቱም፣ ቆርቆሮውም፣ የእትዬ ወለተሰንበት ዳስ የተጣለበት መንገድም የለም። ኮንዶሚኒየም ነው አሁን፤ እኛም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። አልጋው በደረጃው አላልፍ ብሎ ፈታትተን ነው ያወጣነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ።

ኦልጅራ ጡረታ ወጥቷል። ጣቶቹ ደርቀዋል፣ አንዳንዷን ቁልፍ ይስታል። ሲመሽ በረንዳው ላይ ያን ዜማ ይጫወታል። የታችኛው ፎቅ ልጆች «ጋሽ ኦልጅራ፣ ለመጫወቻ ነው አይደል?» ይሉታል። አዎ ይላቸዋል። እኔን አየት ያደርገኛል።

አሥር ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ እለጥፍለታለሁ። አሁን ላብ ስለሌለው አይይዝም፣ ይወድቃል። አነሳና ምራቅ አስነክቼ እመልስለታለሁ።