ሽቦው የላላበት ጓሮ

ኑ፣ ነፋሱ ከማይደርስባችሁ በኩል ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ስለ ሁለት ልጆች ላጫውታችሁ። ስለ ራሴም የማፍርበት ነገር አለበት፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ። ከአሰላ መሐል ወጥታችሁ፣ አስፋልቱን ትታችሁ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ስትወጡ ያለው አዲሱ ሰፈር ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» እያለ ይቀናብናል። ጸጥታውስ እውነት ነው። ጠዋት ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ የግቢ በሮች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት የራሳችሁን ኮቴ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የገብስ ጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ፣ ጩኸት የለመድኩ ሰው ነኝ። ጸጥታ እንደሚያስፈራ ያወቅሁት እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው። የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስሙን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።

ከእኔ አጥር ቀጥሎ መምህር ቱፋ ይኖራሉ። ጢቾ ከተማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ቤት ሠሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ያኔ አብራቸው የነበረችው ልጃቸው ፈናን ብቻ ነበረች። ፋርማሲ ተምራ ሥራ እስክታገኝ እሳቸውን ታስታምም ነበር፤ ስኳር አለባቸው።

የግቢያቸውን በር የሠራው ሌሊሳ የሚባል ከአርቦዬ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። አስፋልቱ ዳር የብየዳ ቤት አለው፤ የሰፈራችንን በሮች ግማሹን የሠራው እሱ ነው። አጥሩ ላይ እሾሃማውን ሽቦ የዘረጋውም እሱ ነው። በሩን ሲበይድ ፈናን ውሃ ይዛለት ወጣች።

«እሳቱን አትዪው፣ ዓይንሽን ያምሻል» አላት።

«አንተስ እያየኸው አይደል?»

«እኔ መነጽር አለኝ።»

«በዚያ ጥቁር ነገር ምን ይታይሃል?»

«ከእሳቱ በቀር ምንም። ለዚህ ነው እኮ ቶሎ ቶሎ የማወልቀው።»

ፈናን ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። የሦስት ቀኑ ሥራ ሳምንት ፈጀ። መምህር ቱፋ «ይህ ልጅ ጥንቁቅ ነው» አሉ። ምን ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ይገናኙ ነበር። ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመሐላቸው ግን ሌላ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ይተዋሉ። ሰው ያያል ብለው ነው።

ከወራት በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ቤት ተዘረፈ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በሩን በሁለት ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። «ሌቦቹ ሴት ያስጮሃሉ አሉ። ሰው ልርዳ ብሎ በሩን ሲከፍት ይገባሉ» የሚል ወሬም መጣ። ማን እንዳመጣው አላውቅም። እኔ ግን ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ።

መምህር ቱፋ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገባቸው። «የሁሉን ቤት በር የሠራው ያ በያጅ አይደል?» አሏት ልጃቸውን። «ማን እንደ እሱ ያውቀዋል? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ በር እንዳይደርስ። ስልኩም ካለሽ አጥፊው።»

«እሺ አባዬ» አለች። አላጠፋችውም። ደፍራ ግን አልተናገረችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቷ ያሉትን ስታጫውተው ሌሊሳ «እንግዲያ ስለ እኛ ንገሪያቸው» አላት።

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«አባዬ ፊት ሌባ ሆነህ መታየትህን።»

«እኔ ደግሞ የምፈራው» አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አንድ ቀን አንቺም እንዳትጠረጥሪኝ ነው።»

መልስ አልሰጠችውም። ያ ዝምታዋ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንደነሳት በኋላ ነግራኛለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል፤ መብራትም የለም። መምህር ቱፋ የስኳር መድኃኒታቸውን ወስደው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ሻወር ቤት ገቡ። ሁሉን በር መቀርቀር ልማድ ሆኖባቸው ነበርና ያንንም የብረት በር ከውስጥ ቀረቀሩት። ፈናን ወጥ ቤት ሆና የመውደቅ ድምፅ ሰማች።

«አባዬ?»

ምንም። ጆሮዋን በሩ ላይ ስትለጥፍ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል፤ ከባድ፣ የሚቆራረጥ። በሩን በትከሻዋ ገፋችው፣ አልነቃነቅ አለ። ወደ ግቢው በር ሮጠች። ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው አባቷ ሻወር ቤት ይዘውት በገቡት ልብስ ኪስ ውስጥ ነው።

«ኡኡ... የሰው ያለህ!»

ሰማኋት። ግቢዬ ውስጥ ነበርኩ። የሴት ድምፅ ነው፤ ወዲያው ያ ወሬ ትዝ አለኝ። ብድግ ብዬ ወደ በሬ ሄድኩ። ሄድኩና መቀርቀሪያው በደንብ መግባቱን አይቼ ተመለስኩ። በሌሎቹም ግቢዎች ብረት ሲቀረቀር ሰማሁ። እሷ ትጮሃለች፣ እኛ እንቀረቅራለን።

ድምፅዋ ሲዘጋባት ለሌሊሳ ደወለች። «አባዬ ሻወር ቤት ወድቋል። በሩ አይከፈትም። የግቢውም ቁልፍ እሱ ጋ ነው።»

«መጣሁ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

የባጃጅ ድምፅ ሰምቼ በአጥሬ ላይ ብቅ አልኩ። በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው፣ መዶሻ የያዘ ቦርሳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የመምህር ቱፋን የጓሮ አጥር ይወጣል።

«ሌባ!» አልኩ።

ለዚህኛው ጩኸት በር ሁሉ ተከፈተ። ስምንት ሰው የሚሆን ወጣ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ግንባሩን የፈነከተው የእኔ ድንጋይ ነው። ልጁ አልወረደም፣ አልሸሸም። ሁለት እጁ ሽቦው ላይ እንዳለ፣ ደሙ ዓይኑ ላይ እየወረደ፣ «አባትየው ታመዋል» ይላል። ማን ይሰማዋል።

ያኔ ከአጥሩ ወዲያ የፈናን ራስ ብቅ አለ። በርሜል ላይ ወጥታ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አትምቱት» አለች። ድምፅዋ ከጩኸት ብዛት በጭንቅ ይወጣል። «እኔ ነኝ የጠራሁት። እጮኛዬ ነው።»

ቃሉን እሱም ሲሰማው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«እጮኛዬ ነው» አለች እንደገና፣ አሁን እሱን ብቻ እያየች። «ግባ፣ ሌሊሳ።»

ገባ። እኛ ውጭ ቀረን። የሻወር ቤቱን በር ማጠፊያ በመዶሻና በብረት መሮ ሲነቅል ድምፁ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ የባሰ ነበር። ‹ሞተዋል› አልኩ በልቤ። ፈናን የግቢውን በር ስትከፍት ሌሊሳ መምህር ቱፋን በጀርባው አዝሎ ወጣ። የፊት ለፊት ጎረቤቴ መኪናውን አመጣ። ስሙ ረዲ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ከሰዓት በኋላ ነቁ። ፈናን ሰው ሳይቀድማት ራሷ ሁሉን ነገረቻቸው፤ አጥሩንም፣ እጮኛዬ ማለቷንም። እኔም በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። መምህር ቱፋ ሌሊሳን ጠሩት። ግንባሩ ታሽጎ ገባ።

«በየት ገባህ?»

«በጓሮ፣ ጋሼ። እዚያ ጋ ሽቦው ላላ ያለ ነው።»

«ለምን ላላ?»

«ሽቦ አልቆብኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ፣ መጥቼ እንዳላጠብቀው እርስዎ ከለከሉኝ።»

«መላላቱን ሌላ ማን ያውቃል?»

ሌሊሳ ፈናንን አየ። እሷ አቀርቅራለች። መዋሸት ይችል ነበር።

«እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ መግቢያውን እያወቅህ፣ የገባኸው እኔን ለማውጣት ነው» አሉ። «እንግዲህ ሽማግሌ ይዘህ በበሩ ና።»

ፈናን ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ማግስቱን በሬ ተንኳኳ። ፈርቼ በቀዳዳው ሳይ ሌሊሳ ነው። ከፈትኩለት።

«ቤተሰቦቼ አርቦዬ ናቸው፣ አባባ። ከሰፈር አንድ ሽማግሌ ያስፈልገኛል።»

«ግንባርህን የመታሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አይቼዎታለሁ» አለና ፈገግ አለ። «እኔን ለማባረር በር ከከፈቱ፣ ለእኔም ይከፍታሉ ብዬ ነው።»

ሄድኩለት። ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። ሌቦቹ ግን እስከ ዛሬ አልተያዙም፤ ሰፈሩም እንደ ወትሮው ጸጥ እንዳለ ነው፤ እኔም አሁንም እፈራለሁ። እናንተም ትፈሩ ይሆናል፣ አልፈርድባችሁም። ብቻ ከአጥር ወዲያ ሰው ሲጣራ ስትሰሙ፣ ያቺ ልጅ ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትጮህ እኛ በር ቀርቅረን መቀመጣችንን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።