ከኩርሙክ ሰማይ የወረደው እንግዳ

ፒክአፑ ዘግይቷል።

አንለይ ከሆሞሻ ወደ አሶሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አይሱዙውን አቁሞ ጎማ የሚፈታ መስሏል። ግራና ቀኙ የቀርከሃ ጫካ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከኋላ፣ ከማንጎ ሳጥኖቹ መሀል፣ ጀለቢያ የለበሰ ጃፓናዊ ተኝቷል።

ሆሞሻ አንለይን ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው በማንጎ ነጋዴነቱ ነው። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ባምባሲ የሰፈሩ፣ ሳቂታ ሰው። «ዳቡስ» የሚለውን የሚስጥር ስሙን የሚያውቁት አሶሳ ያለችው የደህንነት አለቃው አይናለምና ጥቂት ባልደረቦቿ ብቻ ናቸው።

ጃፓናዊው ሞሪታ ይባላል። የቀድሞ ተዋጊ አብራሪ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ባለው ጦርነት ተቀጥሮ ይበር ነበር። ከአራት ቀን በፊት ለተቃራኒው ወገን የተቀጠረ አሜሪካዊ አብራሪ ድንበር ጥሶ ገባና ኩርሙክ አቅራቢያ የወርቅ ቆፋሪዎችን ሰፈር ደበደበ። አሥራ ዘጠኝ ሰው አለቀ። ከኋላው የደረሰው ሞሪታ የራስ ቁሩ ላይ ባለችው ካሜራ ሁሉንም ቀርጿል።

«ቀርጬሃለሁ አልኩት በሬዲዮ» ብሎ ነበር ሞሪታ መንገድ ላይ። «ሲመልስልኝ ድምፁን አወቅሁት። ድሮ ሁለታችንም ወታደር ሳለን አብረን ልምምድ በረናል። ከዚያ ተኮሰብኝ። እኔም ተኮስኩ።»

ሁለቱም አውሮፕላኖች ወደቁ። ሞሪታ በፓራሹት ወርዶ ያረፈው በአዛውንቱ ባቢከር የማሽላ ማሳ ላይ ነው። ባቢከር አራት ቀን ደብቆት፣ ዛሬ ጠዋት ለአንለይ አስረከበው።

«እሱ ድየፍ ነው፣ እንግዳ» አለ ባቢከር። «እኔ ቤት በላ፣ እኔ ቤት ተኛ። አሁን አንተ እጅ ገባ። ሰው እንዳያገኘው።»

«ዓሚ፣ አጎቴ፣ በእኔ ይጣሉት» አለ አንለይ።

አንለይ ለአይናለም የላከው መልእክት አጭር ነበር። «አንድ ሳጥን። ደህና ነው።»

ፒክአፑ መጣ። ተረካቢው ነብዩ ሽጉጥ ታጥቆ ወረደ፤ የአይናለም ሰው ነው። ሾፌሩ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከመሪው ጀርባ ቀረ።

«ማንጎው ከየት ነው?»

«ከኩርሙክ።»

«በስሏል?»

«ለነገ ይደርሳል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። አንለይ ተነፈሰ።

«ሰውየው ይራመዳል?» አለ ነብዩ።

«ይራመዳል።»

«ካርዱስ?»

አንለይ ስለ ካሜራው ካርድ ለማንም አልተናገረም።

ፊቱ ላይ ምንም ሳያሳይ ፒክአፑን አየት አደረገ። ከኋላ ወንበር ክንዱን በጨርቅ ያንጠለጠለ ነጭ ሰው ተቀምጧል። ቀረጻ መኖሩን ከሞሪታ አፍ የሰማ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው።

«ካርዱም እሱ ጋር ነው። ላምጣው» አለና ወደ አይሱዙው ወጣ።

«ተሸጠናል» አለው ለሞሪታ በእንግሊዝኛ በሹክሹክታ። «ሁለት መሣሪያ አላቸው።»

«አንተስ?»

«አንድ ሽጉጥ።»

ሞሪታ ከጀለቢያው ኪስ ጥፍር የምታክል ካርድ አውጥቶ አንለይ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠ።

«እኔ ስሮጥ እኔን ይከተላሉ። አንተ ንዳ።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለአሥራ ዘጠኙስ?»

አንለይ ካርዱን ጨበጠ።

ሞሪታ ዘሎ ወረደ። ሳጥኖቹ ተንኮታኮቱ። ቀርከሃው ውስጥ ሲገባ ነብዩ እየጮኸ ተከተለው፤ ሾፌሩም ክላሹን ይዞ ሮጠ። አንለይ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

ተኩስ።

ደግሞ ተኩስ።

ከዚያ ተኩሱ ቆመ።

በመስታወቱ አሜሪካዊውን አየው። ከመኪናው ወርዶ ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ ቆሟል። ሌላውን ነገር አቧራው ሸፈነው።

አይናለም አሶሳ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ካርዱን ተቀበለች።

«ሰውየውስ?»

አንለይ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ስለ ነብዩ ሲነግራት ፊቷ ዳመነ፤ ስልኳን አውጥታ ሁለት ቃል ተናገረች። በዚያው ቀን ነብዩም አሜሪካዊውም ባምባሲ ኬላ ላይ ተያዙ።

«አሁኑኑ ትወጣለህ» አለችው። «ስምህንም እዚሁ ትተወዋለህ።»

«ባቢከርን አንዴ ላግኘውና—»

«ምን ልትለው? ነጋዴ አልነበርኩም ልትለው?»

የአንለይ ስልክ ጠራ። ባቢከር ነው። አይናለም እጇን ዘረጋች። ጥሪው እስኪያቆም ጠበቀና ስልኩን ሰጣት።

ከአሥር ቀን በኋላ ግልገል በለስ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ይጠጣል። ጢሙን ተላጭቷል፤ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። ሬዲዮው የድብደባው ማስረጃ መገኘቱን፣ የሟቾች ቤተሰቦችም መሰማት መጀመራቸውን ያወራል። ጃፓናዊን ያነሳ የለም።

ከጎኑ የተቀመጠው የጭነት ሾፌር ከሆሞሻ መምጣቱ ነው።

«እኛ አገር አንድ ማንጎ ነጋዴ» አለ፣ «የአንድ ሽማግሌን እንግዳ በአደራ ተቀብሎ ሸጠው። ሽማግሌው ቀርከሃ ለቀርከሃ ዞሮ ሬሳውን ራሱ አገኘው። ራሱ ቀበረው። ከዚያ ወዲህ ከሰው አይነጋገርም። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?»

«እኔ እንጃ» አለ።

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ፣ ከአውቶብስ ከሚወርዱት ሰዎች ጋር ተቀላቀለና ሄደ።