«አይ፣ እናንተ ሂዱ»

በሁለት ሺህ አንድ መቶ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ በኮምቦልቻው ትምህርት ቤት የትዝታ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ባለሙያዋ ሉባባ፣ መምህሩ ጋሽ እንድሪስ፣ እና በሰሜን ባሕር ላይ ከምትንሳፈፈው ከሄልና ከተማ ትናንት የተመለሰው ተማሪ ይማም። የክፍሉ ልጆች በረንዳው ላይ ሆነው ማን በየትኛው አልጋ ተኝቶ ትዝታውን እንደሚቀበል ይጨቃጨቁ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በተማሪ ልውውጥ በየዓመቱ የሚልከው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ተመላሹ ግን ዓመቱን ለሁሉም ያካፍላል። ከጆሮው ኋላ የተለጠፈው መቅጃ ያየውንና የተሰማውን ይይዛል፤ «አጋሪ» የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ያንን በጓደኞቹ አእምሮ ውስጥ እንደ ራሳቸው ትዝታ ያኖረዋል። አምና የተላከው ልጅ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ስለወደቀ፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ እስካሁን ብርድ ሲሆን ጉልበታቸውን ያሻሉ።

ሉባባ መቅጃውን አጋሪው ውስጥ ብታስገባው ቀይ መብራት በራ።

«ይማም፣ መቅጃህ ተበላሽቷል። አንዲት ቀን ብቻ ይዞ ቀርቷል።»

ይማም አቀረቀረ።

ሉባባ የአጋሪውን መነጽር አድርጋ ትዝታውን ተመለከተች። በር ተከፈተ። የአስተናጋጆቹ ልጅ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። «ጀልባ ልንቀዝፍ ነው፤ ትመጣለህ?» «አይ፣ እናንተ ሂዱ» አለ የይማም ድምፅ። በሩ ተዘጋ፤ ኮቴ ራቀ። ሉባባ ወደፊት አለፈች። ያው በር፣ ያቺው ልጅ፣ አሁን ግን በወፍራም ሹራብ። «ገበያ ልንወጣ ነው፤ ትመጣለህ?» «አይ፣ እናንተ ሂዱ።» ደግሞ አለፈች። ልጅቱ በስስ ቀሚስ፣ ፊቷን ፀሐይ አቅልቶት። መልሱ ያው ነው። ቀኖቹ ሁሉ ስለተመሳሰሉበት፣ አጋሪው ብዙውን ቀን እንደ አንድ ቀን ቆጥሮት ነበር።

በይማም ዐይን ወደ ታች አየች። ጫማው ታስሯል፤ ጃኬቱም ተቆልፏል።

«አልተበላሸም» አለች መነጽሩን አውልቃ። «ለባብሰህ ተቀምጠህ ለምንድን ነው አልሄድም የምትለው?»

«እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ።»

ጋሽ እንድሪስ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «አልደገመችም?»

«እዚያ አይደግሙም፣ ጋሼ። በሞቴ የለ፣ ስሞትልህ የለ። አልፈልግም ያለን ሰው መጎትጎት ነውር ነው።»

«እኛ ደግሞ በአንድ ጥሪ ዘሎ የሚነሣ ቀላዋጭ ነው ብለን አሳደግንህ። እንደማይደግሙ መቼ ገባህ?»

«ስመለስ፣ መርከቡ ሥር። እጄን ጨብጣ፣ ‹ብቻህን መሆን እንደምትወድ ገብቶን ነበር፤ ለዚያ ነው ያላስቸገርንህ› አለችኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ከእነሱ በልውውጥ የመጣችው ልጅ እዚህ ሳለች አልሄድም ብትልም ጎትተን ሠርግ ወሰድናት። ወደ አገሯ ስትመለስ አልቅሳ ነው የተለየችን።»

«እምቢ ያልኩበትን ቁረጪልኝ» አለ ይማም ሉባባን።

«ብቆርጠው የሚተርፈው አልጋና መስኮት ነው።»

ከበረንዳው የክፍል ጓደኛው የሀያት ድምፅ መጣ። «ይማምዬ፣ ያን ሁሉ ባሕር ጠጥተኸው ነው እንዴ የዘገየኸው?» ልጆቹ ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት ነበር።

ይማም ሳቁን አዳመጠ። «ተዪው፤ እንዳለ ስጫቸው» አለ። «ዓመቱ የእነሱም ነበር።»

ልጆቹ ገብተው አልጋዎቹ ላይ ተኙ። ትዝታው ሲደርሳቸው የሁሉም ልብ በሩ በተከፈተ ቁጥር ተነሣ፤ የሁሉም አፍ ግን «አይ፣ እናንተ ሂዱ» አለ። አንዱ ልጅ በተኛበት እግሩን አንቀሳቀሰ። አጋሪው የሰውን ደስታም ሕመምም ያደርሳል። አንድ ልጅ ያላየው ባሕር ግን ለሁሉም ያልታየ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የተነሣችው ሀያት ናት። ዐይኗን ጠረገች። «ምናለ አንዴ እሺ ብትል?» አለችው።



በመስከረም ሀያት ወደ ሄልና ሄደች። ደንቡ አንድን ተማሪ ሁለት ጊዜ መላክ ስለማይፈቅድ፣ ይማም ኮምቦልቻ ቀረ።