የመሪጌታ ባት

«አባ፣ እስቲ ባትዎን ልየው።»

መሪጌታ አሥራተ ማርያም ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። «የጃንሆይ ትምህርት ቤት የአባትን እግር መርምሩ ይላል?»

እናትነሽ ሁለቱንም ባቶች በመዳፏ ጨበጠች። የግራው መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ቀጠን ያሉ፣ ፈትል የጠገበ እንዝርት ይመስላል። የቀኙ ባዶ እንዝርት ሆኗል። ክረምት ላይ ከዳገት ተንሸራተው የሰበሩት አጥንት ገጥሟል፤ ወጌሻውም «ይሂዱበት» ካለ ሰንብቷል። ግን ማን ፈቅዶላቸው! ውሃውን ከአፋቸው የምታደርስ፣ «ይተኙ» እያለች የምትቆጣ እሷው ራሷ ነበረች። ዛሬ ትምህርት ቤት መምህር ካሳ «የማይሠራ ጡንቻ ይከሳል» ሲሉ የአባቷ እግር ትዝ አላት።

«ጡንቻ ሦስት ዓይነት ነው» አለች። «የልብ ጡንቻ ዕረፍት አያውቅም። የጨጓራና የአንጀቱ ደግሞ እርስዎ ተኝተውም ምሳዎን ይፈጫል።»

«እሱ እንኳ አልሰነፈም፣ ተመስገን!»

«አጥንት የሚያንቀሳቅሰው ግን ትእዛዝ ይፈልጋል። ሲኮማተር ነው አጥንቱን የሚስበው። ይሄኛውን ከክረምት ጀምሮ አላዘዙትም።»

«ምላስስ ጡንቻ ነው?»

«ነዋ!»

«ታዲያ ያንቺን ማን ነው እንዲህ ያዘዘው?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ከሰመ። «ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም ማኅሌት እቆም ይሆን፣ ልጄ? መቆም ያቃተው መሪጌታ ምን ይሉታል?»

ያን ጊዜ ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ገብርኤል በሩን አልፈው ገቡ። መሪጌታ እንደ ደንቡ «ኖር!» ብለው ከመደቡ ሊነሡ ተነቃነቁ።

«በእግዜር! ኧረ በማርያም አይነሡ! እናትነሽ፣ ያዣቸው እንጂ!»

እናትነሽ ሁልጊዜ ትከሻቸውን ይዛ መልሳ ታስቀምጣቸው ነበር። መሪጌታም ይህንኑ ጠብቀው ወደ እሷ ተመለከቱ። የመነኩሲት ቃል የጣሰች ልጅ እስከ ማታ ስሟ «ባለጌ» ተብሎ መንደሩን እንደሚዞር ታውቃለች። ዛሬ ግን እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ይወድቃሉ እኮ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማሆይ» አለች፤ «እስኪነሡ ይጠብቋቸው።»

መሪጌታ ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፋቸው ተጭነው ከመደቡ ተላቀቁ። የቀኝ ጉልበታቸው ተብረከረከ።

እናትነሽ እጇ ሊዘረጋ ሲቃጣ፣ እግሩን እሳቸው ራሳቸው እንዲያዙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።