የስድስት ሰዓት መጋዝ

ይርዳው የፀሐይን ጉልበት በሰዓት ያውቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በእንጨት ሥራ ቤቱ ጣራ ላይ የደረደራቸው ሶላሮች ለመሰርሰሪያው ይበቃሉ፤ አራት ሰዓት ሲሆን መላጊያው ይነሣል፤ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ግን ሳያቃስት የሚዞረው ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ብቻ ነው። የመብራት መስመር ያልደረሰበት የቆላ መንደር ነውና ባትሪው እንዳይደክም ከባዱን ሥራ ሁሉ ለቀትር ያቆያል። በዚያች ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

«ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም» ይሉታል እናቱ እማማ ደብሪቱ። «ስምህን አንዴ የጠራህን አቤት አትበል። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

«እማዬ፣ ጋኔኑ ከመጣ መላጊያ አስይዘዋለሁ። ሠራተኛ አጥቻለሁ።»

ከፖላንድ የኤሌክትሪክ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው ለእሳቸው ሲል ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ግድግዳ እየዳበሱ መሄድ ጀምረዋል፤ ከእርሱ ሌላ ልጅም የላቸውም።

ማክሰኞ ዕለት፣ ማሽኖቹን ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ ሳለ የባትሪውን ኃይል ለማሽኖቹ የሚለውጠው ኢንቨርተር ስድሳ ዋት እየተሳበ መሆኑን አሳየ። ሽቦውን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ምንም የለም። ረቡዕ መቶ ሃምሳ ሆነ፤ ከወትሮው እዝዝታ ሥርም እንደ ተኛ ሰው ያለ ትንፋሽ ይሰማ ጀመር፣ ከሰጋቱራው ክምር የተቃጠለ ጠጉር ሸተተው። ሐሙስ መጋዙን አጥፍቶ ገመዱን ነቀለ፤ ምላጩ ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ ሄዶ ሊቆም ሲል፣ አንድ ሰው እንደ ገፋው ሁሉ መልሶ ፈጠነ። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ?

ዓርብ በቀትር፣ ገመዱ ተነቅሎ መሬት ላይ እንደ ተጋደመ መጋዙ በእጁ ውስጥ ጮኸ። ሊጥለው ፈለገ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ያኔ በሩ ተገፋ።

«ይርዳው» አለ ከጩኸቱ ሥር የቀጠነ ድምፅ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አቤት ሳይል ጠበቀ። አልተደገመም። ደጁን የሞላው ብርሃን ፊቱን የጋረደበት አንድ ጥቁር ነገር አየሩን እየዳበሰ ወደ እርሱ እጁን ዘረጋ።

ይርዳው ሰነዘረ። መጀመሪያ የወደቀው የተዘረጋው እጅ ነበር፤ ምላጩ አጥንት ሲያገኝ ድምፁ ዋንዛ ሲቆርጥ ከሚያሰማው ብዙም አይለይም። ሞቃት ነገር ፊቱን ሞላው። ደግሞ ሰነዘረ፣ ደግሞም፣ ነገሩ ሰጋቱራው ላይ ተዘርሮ መንፈራገጡን እስኪተው። መጋዙ በራሱ ቆመ። ኢንቨርተሩ ዜሮ አሳየ። ዓይኑ ብርሃኑን ሲለምድ ከደሙ መካከል የተደፋ ሽሮ፣ ከሽሮውም አጠገብ የእናቱን ነጠላ አየ።

ሚስቱ ትርንጎ ከቤት ተጣራች። «አንተ፣ እማማ ካልወሰድኩለት ብለው ምሳህን ይዘው ወጥተዋል። ደረሱልህ?»

ሊጮኽ አፉን ቢከፍት ምንም አልወጣውም፤ ከጀርባው ግን የገዛ ራሱ ድምፅ ረጋ ብሎ «አልደረሱም፤ እስቲ አንቺ ነይ» አላት።