ልሙትልሽ

ስካንዲኔቪያ ውስጥ፣ ስኮልቪክ በምትባል ለጎብኚ እንደ ጥንቱ በተሠራች ከተማ፣ ቶራ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትቃጠላለች። ጎብኚው ምሳውን በልቶ ፎቶውን ተነሥቶ፣ ስትቃጠል አይቶ ይሄዳል።

ቶራ «ዳግም» ናት፤ ከቫይኪንግ መቃብር በወጣ አጥንት ላቦራቶሪ ውስጥ የበቀለች ሰው። ከሺህ ዓመት በፊት ከሞተ ጌታዋ ጋር መርከብ ላይ የተቃጠለች ባሪያ ነበረች። ዛሬም ትቃጠላለች፣ እንደገና ትበቅላለች፣ ጠዋት ምንም አታስታውስም። ሕመሙን ግን አላስቀሩላትም፤ ያለ እሱ ጩኸቷ የውሸት ይመስላል ተብሎ።

ትርሲት የ«ልሳን» ጠባቂ ናት። ልሳን በጎብኚውም በዳግሙም ጆሮ የምትገባ፣ የአንዱን ንግግር ወደ ሌላው ቋንቋ የምትመልስ ፍሬ የምታህል መሣሪያ ናት። ሥራው እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ቀላል ነበር።

የዚያን ቀን ከደሴ የመጡ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ጎብኚ ቶራ በገመድ ወደ መርከቧ ስትወሰድ አዩ። ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ ዘግነው ዘረጉላት። ልጅቷ እንቢ አለች።

«ብዪ እንጂ የኔ ልጅ! እኔ ልሙትልሽ!»

ቶራ ቆመች። ገመዱን የያዘችው አሮጊት ዳግምም ቆመች። በእነሱ ሕግ በባሪያ ፈንታ እሞታለሁ የሚል ከተገኘ ባሪያዋ ነፃ ትወጣለች። ልሳን ደግሞ ቃሉን ሳታጎድል ነበር የመለሰችው።

«በእኔ ፈንታ?» አለች ቶራ። ፊቷ በራ። ወድቃ የወይዘሮዋን ጫማ ትስም ጀመር።

ትርሲት ከመቆጣጠሪያ ክፍሏ እየሮጠች ደረሰች። ትርዒቱን የምታስቆመው ቁልፍ ወገቧ ላይ ነበረች። ግን ሺህ ሰው ወንበር ይዞ ይጠብቃል።

«እማማ፣ በእሷ ፈንታ የሚሞቱላት መስሏታል። የአፌ ነው ይበሏት፣ ይተውዎታል።»

«ኧረ በስመአብ! የአፌ ነው እንጂ! ለማን ያላልኩት አለ? ለጎረቤቱ፣ ለታክሲ ነጂው...»

ልሳን ይህንንም መለሰች።

ቶራ ቀስ ብላ ተነሣች። «እና ከእናንተ ማን ሞተ?»

አሮጊቷ ገመዱን ሳበች። ወሰዷት። ወይዘሮ ደብሪቱ ከልባቸው አለቀሱ፤ ወንበራቸውን ግን አልለቀቁም።

ትርሲት ብልሽቱን አረመች። «ልሙትልሽ» ማለት «ብዪ» ማለት ነው ብላ ልሳንን አስተማረቻት። አለቃዋም ጎበዝ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ገና የበቀለችውን ቶራን ብቻዋን አገኘቻት። ትርሲት እንባዋ መጣ።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «ልሙትልሽ።»

ቶራ የትርሲትን ባዶ እጆች አየች።

«ምኑን ልብላ?»